«ጌታ በር ከፍቶልህ እንዴት ትመለሳለህ?» ለሚሉ መካሪዎች የተሰጠ መልስ



በዓመት ሁለት ጊዜ የእኛ የመጋቢዎች ስልክ ይበዛል፤ አንዱ በጥርና በየካቲት፣ ሁለተኛው በሰኔና በሐምሌ። በብዙ የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች የሴሚስተሩ ትምህርት የሚጠናቀቀው በእነዚህ ወራት ነው። የሚደውሉልን እናቶች፣ ታላላቅ ወንድሞች፣ አንዳንዴም ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። ነገሩ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ፓስተር፣ ልጁ ሊመለስ አሥር ቀን ቀረው። እዚያ ያሉት ወገኖች ‹ጌታ በር ከፍቶልህ እንዴት ትመለሳለህ?› እያሉት ነው። እባክዎ ይጸልዩበት። ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን አንድ ደብዳቤ ቢጻፍለት...»

ስለ ጸሎቱ እሺ እንላለን። ስለ ደብዳቤው እንቢ እንላለን። እንቢ ያልንበትን ምክንያት በአደባባይ ልናስረዳ የተነሣነው ጉዳዩ የአንድ ቤተሰብ ጉዳይ መሆኑ ስለቀረ ነው። ለአንድ ሴሚስተር የሄደን ተማሪ በመጨረሻዎቹ ቀናት ይዞ ውሸት የሚያስጠና፣ ውሸቱንም «የጌታ ምሪት» ብሎ የሚባርክ ምክር በጉባኤዎቻችን መካከል እንደ ጥበብ መቆጠር ጀምሯል። እኛ ጥበብ አንለውም። የእግዚአብሔርን ትእዛዝ በእግዚአብሔር ስም መሻር ነው የምንለው።

ስለ ማን ነው የምንናገረው?

አስቀድመን አጥሩን እናኑር፤ ቃላችን የማይገባው ሰው ላይ እንዳያርፍ።

በእውነት ሕይወቱ አደጋ ላይ የወደቀ ሰው አለ። አገራችን ባለፉት ዓመታት ያየችውን ጦርነትና መፈናቀል ማንም አይክድም። ሴሚስተሩ ሳያልቅ የወላጆቹ ቀዬ የተቃጠለበት፣ በስሙ የሚፈለግ ተማሪ ይኖራል። እንዲህ ያለው ሰው ጥገኝነት ቢጠይቅ ኃጢአት አይደለም፤ በ1951 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የጄኔቫ የስደተኞች ስምምነትም የተጻፈው ለእርሱ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ከደማስቆ በቅርጫት በቅጥሩ ተወርዶ ያመለጠው ሊይዙት ስለጠበቁት ነው። ለዚህ ሰው የምናውቀውን እውነት እንጽፋለን፣ እንመሰክራለን፣ አብረነውም እናለቅሳለን።

ደግሞ በሕጋዊ መንገድ የሚቆይ አለ። የማስተርስ ዕድል አግኝቶ፣ አመልክቶ፣ ፈቃዱን አሳድሶ፣ ለላከው ዩኒቨርሲቲ በግልጽ አስታውቆ የሚቀር። እርሱንም አንነካውም። መማር መልካም ነው፤ ከአገር መውጣትም በራሱ በደል አይደለም።

የምንናገረው ስለ ሦስተኛው ሰው ነው። ማንም አላሳደደውም። ዩኒቨርሲቲው ከብዙ አመልካቾች መካከል መርጦ፣ በልውውጥ ፕሮግራም፣ ለአንድ ሴሚስተር ልኮታል። ጥናቱ ሲያበቃ እንደሚመለስ በገዛ ፊርማው ጽፎ ቪዛ ተቀብሏል። የደርሶ መልስ ትኬት ይዟል። ጥያቄው የተጀመረው ፈተናው አልቆ ሻንጣው ሲከፈት ነው። ወንድሞችና እኅቶች ከጉባኤ በኋላ ቡና ላይ አስቀምጠው፦ «ትጠፋለህ፣ ሌላ አገር ትሻገራለህ፣ እጅ ትሰጣለህ፤ ኬዝ የሚሠራልህ ሰው እናገናኝሃለን» ይሉታል። የምንሟገተው ከዚህ ምክር ጋር ነው።

«በሩን ጌታ ከፈተው»

የመጀመሪያው መከራከሪያ ይህ ነው። ቪዛው በተአምር ተገኘ፣ ስለዚህ ጌታ ፈቅዷል፤ ጌታ ከፈቀደ ደግሞ መመለስ በረከትን መግፋት ነው ይሉናል።

ወገኖች፣ የተከፈተ በር ሁሉ የጌታ በር ቢሆን ኖሮ ዮናስ ትክክል ነበር። ወደ ኢዮጴ ወረደ፤ መርከብ አገኘ፤ ያውም ወደሚፈልገው ወደ ተርሴስ የምትሄድ። የሚከፍለው ገንዘብም በእጁ ነበረ፤ ዋጋዋን ከፍሎ ተሳፈረ። ሁሉም ነገር ተሳካለት። በዘመናችን ቢሆን በሚቀጥለው እሑድ መድረክ ላይ ወጥቶ «መርከቧ እኔን ስትጠብቅ ደረስሁ» ብሎ ይመሰክር፣ እኛም እልል እንል ነበር። ነገር ግን ያ ሰው ከእግዚአብሔር ፊት እየሸሸ ነበር። የመንገድ መመቻቸት የፈቃዱ ማረጋገጫ እንዳልሆነ ለማስተማር ከዚህ የበለጠ ታሪክ አንፈልግም።

ደግሞስ ጌታ የከፈተው በር የትኛው ነው? ለአንድ ሴሚስተር ተማር ብሎ ከሆነ የከፈተው፣ ያ በር መግቢያ እንዳለው መውጫም አለው። በእንግድነት የገባንበትን ቤት ባለቤቱ ተኝቶ ሳለ ቁልፉን ለውጠን «ጌታ ቤት ሰጠን» ብንል የሚሰማን ሁሉ ምን ይለናል? ጌታ በአንድ እጁ ሰጥቶ በሌላ እጁ የራሱን ትእዛዝ አይሽርም። በሐሰት አትመስክር ያለው አምላክ፣ ሐሰት የሚጠይቅ መንገድ ላይ መልአኩን አስቀድሞ አይልክም።

በዚህ ላይ ትንቢት የሚጨምሩበት አሉ። «ፓስፖርት አያለሁ፣ ጥቁር ሻንጣ አያለሁ፣ አትመለስም ይላል መንፈስ» የሚሉ። እነዚህን ሰዎች አንድ ነገር ብቻ እንጠይቃቸዋለን፦ ያ መንፈስ ልጁ ለኤምባሲው የጻፈውን ደብዳቤ አላየውም ነበር? መንፈስ ቅዱስ የእውነት መንፈስ ነው፤ ጌታ ኢየሱስ በዮሐንስ ወንጌል ደጋግሞ የጠራው በዚህ ስም ነው። ሰውን ወደ ውሸት የሚመራ ድምፅ ምንም ያህል በልሳን ቢታጀብ የእርሱ አይደለም።

«ጌታ ራሱ ስደተኛ ነበር»

ይህኛው ከበድ ያለ መከራከሪያ ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስን ይጠቅሳልና። እውነት ነው፤ ሕፃኑ ኢየሱስ ወደ ግብፅ ተሰዷል። ነገር ግን ማቴዎስ ምዕራፍ 2ን እስከ መጨረሻው እናንብበው። ሄሮድስ ሕፃኑን ሊገድል በእውነት ይፈልግ ነበር፤ የቤተ ልሔም ሕፃናት ደም ምስክር ነው። ዮሴፍ ታሪክ አልፈጠረም። ሄሮድስም ሲሞት ዮሴፍ እናቲቱንና ሕፃኑን ይዞ ተመለሰ፤ ያውም በይሁዳ ልጁ አርኬላዎስ ነግሦ ሳለ፣ በፍርሃት ውስጥ ሆኖ።

ታዲያ ሄሮድስ የሌለበት ሰው ሄሮድስን ሲፈጥር ምን ይባላል? ከዚህም የሚከፋው፣ እውነተኛ ሄሮድስ ያሳደደውን ወንድሙን ይጎዳል። ጥገኝነት ጠያቂውን የሚሰማው ባለሥልጣን በሰኞ ሦስት የተጠኑ ታሪኮችን ከሰማ፣ ማክሰኞ የሚቀርበውን እውነተኛ ሰው በጥርጣሬ ዓይን ያየዋል። ከእስር ቤት ያመለጠችው እኅት ጠባሳዋን እያሳየች የማትታመነው በእኛ ልጆች ድርሰት ምክንያት ሊሆን ይችላል። የጌታን ስደት ለዚህ መጥቀስ በጌታ ስደት መነገድ ነው።

ስለ ደብዳቤው

አሁን ወደ እኛ ወደ መጋቢዎችና ወደ ሽማግሌዎች እንምጣ። ምክሩ የሚሠራው ደብዳቤ የሚጽፍ ሲገኝ ነውና።

የሚጠየቀው ደብዳቤ እንዲህ ዓይነት ነው፦ «ወንድም እገሌ በእምነቱ ምክንያት በመንደሩ ሰዎች ተደብድቧል፣ ታስሯል፣ ቢመለስ ሕይወቱ አስጊ ነው።» ልጁ ግን ያደገው በእኛው ሰንበት ትምህርት ቤት ነው። በየእሑዱ ኳየር ውስጥ ቆሞ ሲዘምር አይተነዋል። በእምነቱ ምክንያት ማንም በጥፊ አልመታውም። ማኅተማችንን በዚህ ወረቀት ላይ ስናሳርፍ የምንመሰክረው ምንድን ነው?

በአንድ በኩል ስለ ራሳችን እንዋሻለን። በሌላ በኩል የጎረቤቶቻችንን ስም እናጠፋለን። ያ «የመንደሩ ሰው» ማን ነው? በሰርግ ድንኳን አብሮን የቆመው የኦርቶዶክስ ጎረቤታችን፣ በለቅሶ ውሃ ያቀረበልን ሙስሊም ወንድማችን ነው። ያላደረጉትን በባዕድ አገር መዝገብ ላይ ስናስጽፍባቸው ዘጠነኛውን ትእዛዝ በሙሉ ትርጉሙ ሻርነው ማለት ነው፤ ትእዛዙ የተነገረው በባልንጀራ ላይ በሐሰት መመስከርን በስም ጠርቶ ነውና። የአገራችን ወንጌላውያን አማኞች በደርግ ዘመን እውነተኛ ስደት አይተዋል። አጸደ ጸሎቶች ተዘግተዋል፣ ምእመናን ታስረዋል፤ ጉዲና ቱምሳ በ1979 (እ.ኤ.አ.) ታፍነው ተወስደው ተገድለዋል። እነዚያ ሰዎች በከፈሉት ደም ላይ የውሸት ኬዝ መሥራት የሰማዕታትን መቃብር ለኪራይ ማቅረብ ነው።

ስለ ደብዳቤ ካነሣን አንድ አሮጌ ደብዳቤ እናስታውስ። በ1534 (እ.ኤ.አ.) ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ጀርመን አገር ዊተንበርግ ድረስ ሄዶ ከማርቲን ሉተር ጋር ተገናኝቷል። ስለ እምነት ተነጋገሩ። በመጨረሻም ሉተር ለመንገደኛው የድጋፍ ደብዳቤ ጻፈለት፤ ቀኑም ጁላይ 4 ነበር። የሉተር ደብዳቤ ከእንግዳው ጋር ተቀምጦ፣ ጠይቆና ሰምቶ የደረሰበትን የሚናገር ነው። ደብዳቤ እንዲህ ነው የሚጻፈው። ያላየነውን አንጽፍም። ያልሰማነውን አናትምም። ስለዚህ ልጆቻችን «ፓስተር ጨከነ» ቢሉ ቅር አይለንም፤ አንድ ቀን በእውነት ሲያስፈልጋቸው የሚታመን ማኅተም እንዲኖረን ነው።

«ማንን ጎዳ? ቤተሰቡን ይረዳል እንጂ»

የዚህን ጥያቄ ሸክም እናውቃለን። እናት ለሻንጣና ለጃኬት ዕቁቧን ቀድማ አውጥታለች። ታናናሾቹ የትምህርት ክፍያ ይጠብቃሉ። ኑሮው የት እንደደረሰ ለማንም አይነገርም። ልጁ በሚማርበት ከተማ አንድ ቅዳሜ ምግብ ቤት ሰሃን አጥቦ የሚያገኘው ገንዘብ እዚህ የአንድ መምህር ደመወዝ ጎን ሲቀመጥ ያስደነግጣል። ይህን ሁሉ እያወቅን ነው የምንናገረው። ነገር ግን «ማንን ጎዳ?» ለሚለው መልስ አለን።

አንደኛ፣ የሚቀጥለውን ተማሪ ይጎዳል። የልውውጥ ዕድል የሚመጣው በሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ስምምነት ነው። እዚህ ያለው መርጦ ይልካል፤ እዚያ ያለው አምኖ ይቀበላል። በ1987 (እ.ኤ.አ.) የተጀመረው ኢራስመስ የተባለው የአውሮፓ ፕሮግራም ዛሬ ከኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ጭምር የሚሠራው በዚህ መተማመን ነው። የተላከው ሲጠፋ ላኪው ያፍራል፣ ተቀባዩ ሁለተኛ ያስባል። በሚቀጥለው ዓመት ከሐዋሳ ወይም ከጂማ አንዲት ጎበዝ ልጅ ታመለክታለች፤ ቃለ መጠይቁ ላይ ምንም ሳታጠፋ «ላለመመለስሽ ምን ዋስትና አለን?» ትባላለች። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የአውሮፓ ኅብረት በኢትዮጵያውያን የአጭር ጊዜ ቪዛ ላይ ገደብ ማጥበቁን እናስታውስ። የማመልከቻ መመርመሪያው ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ተራዘመ፤ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛም ቀረ። ምክንያቱ ያለ ፈቃድ የሚቀሩ ዜጎችን በመመለስ ረገድ መንግሥታችን በቂ ትብብር አላደረገም የሚል ነው። ውሳኔው የመንግሥታት ጉዳይ ነው፤ ፍትሐዊ ነው አይደለም የሚለውን ለሌላ ቀን እንተወው። ነገር ግን የአንዱ መቅረት የሌላውን መንገድ እንደሚያከብድ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

ሁለተኛ፣ ዋስ የሆነውን ይጎዳል። የድጋፍ ደብዳቤ የጻፈለት መምህር አለ፤ አንዳንዱ ጋር በገንዘብ ዋስ የፈረመ አጎት አለ። በምሳሌ መጽሐፍ ለሰው ዋስ መሆን እንዴት እንደሚያስጨንቅ በተደጋጋሚ ተጽፏል። ዋሱን ለአበዳሪ ትቶ መሰወር በየትኛው ወንጌል ነው የሚባረከው?

ሦስተኛ፣ ራሱን ይጎዳል። መካሪዎቹ ይህን ክፍል አይነግሩትም። «ወደ ሌላ አገር ተሻገር» ይሉታል፤ ነገር ግን አሻራው ለቪዛ ሲያመለክት ተወስዷል፤ የደብሊን ስምምነት በሚባለው ሥርዓት ደግሞ የጥገኝነት ጥያቄውን የመመርመር ኃላፊነት በመሠረቱ የሚወድቀው ቪዛውን በሰጠው አገር ላይ ነው። ስለዚህ ተሻግሮ ወር ከራርሞ ወደ መጣበት ሊመለስ ይችላል። ከዚያ ካምፕ፤ ከዚያ ቃለ መጠይቅ፤ ከዚያ ዓመታት የሚፈጅ ጥበቃ፤ ከዚያ ብዙዎች የሚያውቁት ነጌቲቭ። በዚህ መካከል ዲግሪው ተቋርጧል። ሦስት ዓመት ተምሮ አንድ ዓመት የቀረው ልጅ ሠላሳ ዓመት ሞልቶት በእጁ ወረቀት የለም፤ የእናቱን ቀብር በስልክ ያያል። ይህን ለማስፈራራት አይደለም የምንጽፈው። በየአገሩ ባሉ ጉባኤዎቻችን ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው በዝማሬ መካከል የሚያለቅሱትን ስለምናውቅ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ውሸቱ አንድ ቀን ተነግሮ አያልቅም። ኬዝ የሠራ ሰው ኬዙን ዕድሜ ልኩን ይኖረዋል። የፈጠረውን የትውልድ ቀን፣ ያልታሰረበትን እስር ቤት፣ ያልሞተውን አባት ማስታወስ አለበት። በሕይወት ያለ አባቱን «ሞቷል» ብሎ ያስመዘገበ ሰው ለአባቱ ገንዘብ ሲልክ ምን ይሰማዋል? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ አባቶቻችን፤ ውሸት ደግሞ እያደር ይከብዳል።

የእኛ የአገር ቤቶቹ በደል

መካሪዎቹን በውጭ ባሉት ብቻ ካየናቸው ግን ፍርደ ገምድል እንሆናለን። ልጁ እንዳይመለስ የሚገፉት ግማሾቹ እዚሁ በመካከላችን ናቸው።

ተማሪ ሴሚስተሩን ጨርሶ ሲመለስ ምን ብለን እንቀበለዋለን? «እንኳን ደህና መጣህ» ከማለታችን በፊት «ምነው ተመለስክ?» እንለዋለን። «አባረሩህ እንዴ?» የሚልም አይጠፋም። ቃሉን የጠበቀውን ልጅ እንደ ሞኝ፣ የጠፋውን ልጅ እንደ ጀግና እንቆጥራለን። የጠፋው ከሁለት ዓመት በኋላ ድምፅ ማጉያ ገዝቶ ቢልክ ስሙ በመድረክ ይጠራል፤ የተመለሰው ግን በዚያው መድረክ ፊት ወንበር ደርዳሪ ነው። ይህ ቤተ ክርስቲያን ነው ወይስ የሃዋላ ቢሮ?

በእኛ የወንጌል ታሪክ መጀመሪያ ላይ ግን የቆመው የተመለሰ ሰው ነው። ኦኔሲሞስ ነሲብ በልጅነታቸው ለባርነት ተሸጠው፣ በ1870 (እ.ኤ.አ.) ምጽዋ ላይ ነፃ የወጡ ናቸው። ከ1876 እስከ 1881 በስቶክሆልም ዮሐነሉንድ በተባለው የስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ትምህርት ቤት ተማሩ። አምስት ዓመት ሙሉ አውሮፓ ኖረዋል፤ የሸጣቸውን አገር እንቢ ለማለት ከእርሳቸው የበለጠ ምክንያት የነበረው ማን ነው? እርሳቸው ግን ተመለሱ። ወደ ወገናቸው ለመድረስ ደጋግመው ሞክረው መንገዱ ተዘጋባቸው። ሲዘጋ አልጠፉም፤ ቁጭ ብለው ተረጎሙ። እርሳቸውም አስቴር ጋኖም የደከሙበት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታትሞ ወጣ። በ1904 ወለጋ ገብተው ማስተማር ጀመሩ። ዛሬ በምዕራብ ኢትዮጵያ በወንጌል የሚያምነው ሕዝብ ያ ሰው ስቶክሆልም ላይ ሻንጣውን በማሰሩ ተባርኳል። በዚያን ጊዜ «ጌታ በር ከፍቶልህ እንዴት ትመለሳለህ?» የሚል መካሪ ቢሰሙ ኖሮ ምን እናጣ እንደነበር አስቡት።

ታዲያ የመጨረሻዎቹ ቀናት እንዴት ይኖሩ?

ለአንተ፣ ለአንቺ፣ ለልጆቻችን አሁን እንናገር።

ነህምያን አስታውሱ። ንጉሡ አርጤክስስ ወደ ኢየሩሳሌም ሊሰድደው ሲፈቅድ የጠየቀው ጥያቄ የዛሬው ቆንስላ ከሚጠይቀው ጋር አንድ ነው፤ ጉዞው ስንት ጊዜ እንደሚፈጅና መቼ እንደሚመለስ ጠየቀው። ነህምያም ጊዜውን ቈርጦ ነገረው። ምዕራፍ 13 ላይ ስንደርስ ነህምያ ወደ ንጉሡ ተመልሶ እናገኘዋለን። ቅጥር የሠራ ታላቅ ሰው፣ የገዛ አባቶቹ ከተማ ውስጥ ሆኖ፣ ለአረማዊ ንጉሥ የሰጠውን ቀጠሮ አከበረ። ከዚያም እንደገና ፈቃድ ጠይቆ መጣ። ሁለተኛው በር የተከፈተለት በመጀመሪያው ስለታመነ ነው።

ስለዚህ እነዚያን የመጨረሻ ቀናት እንዲህ ኑሩባቸው፦

ፈተናውን ጨርሱ። የሴሚስተሩ ሙሉ ጭነት 30 ክሬዲት ነው፤ እያንዳንዱ በላባችሁ የተገኘ ነው። በርካሽ አውሮፕላን አምስት ዋና ከተሞችን ፎቶ ለማንሳት ብሎ የመጨረሻውን ጽሑፍ ሳያስገባ የሚመለስ አለ። ከተሞቹ ይቆያሉ፤ የማስረከቢያው ቀን አይቆይም። የውጤት ማስረጃችሁንና የቆይታችሁን ማረጋገጫ በእጃችሁ ወይም በኢሜይላችሁ ሳታስገቡ አትሳፈሩ፤ ያለ እነርሱ የላካችሁ ዩኒቨርሲቲ ትምህርታችሁን ሊቆጥርላችሁ ይቸገራል።

የሰውን መልሱ። የቤተ መጻሕፍቱን መጻሕፍት፣ የመኝታ ክፍሉን ቁልፍ፣ ከጉባኤው ወንድም የተዋሳችሁትን ብርድ ልብስና ድስት። ክፍሉን አጽድታችሁ አስረክቡ፤ ከእናንተ በኋላ የሚገባ ተማሪ አለ። የከተማው ምዝገባ፣ የባንክ ሒሳብ፣ የስልክ ውል የመሳሰለውን ዝጉ። ጀርመን ያላችሁ ታውቃላችሁ፤ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ለሱቅ ስትመልሱ 25 ሳንቲማችሁን ይመልሱላችኋል። ለባዶ ጠርሙስ እንኳ ቃል በሚጠበቅበት አገር ስድስት ወር ኖራችሁ፣ እናንተ የወንጌል ሰዎች ቃላችሁን ጥላችሁ አትሂዱ።

አመስግኑ። ከዐሥሩ ለምጻሞች ሊያመሰግን የተመለሰው አንዱ ብቻ ነበር፤ እርሱም ባዕድ የሆነው ሳምራዊ። አስተማሪያችሁን፣ የውጭ ተማሪዎችን ጉዳይ የምትከታተለውን ሠራተኛ፣ እሑድ እሑድ በመኪናው የሚያመላልሳችሁን ዲያቆን በስማቸው እየጠራችሁ አመስግኑ። ያ መምህር ስለ ክርስቶስ ምንም ሰምቶ የማያውቅ ሊሆን ይችላል። ስለ ጌታችሁ የሚያነበው የመጨረሻ ገጽ የእናንተ አወጣጥ ነው።

ሻንጣውን በሰው ዕቃ አትሙሉት። ለአክስት ሽቶ፣ ለአጎት ልጅ ስልክ እያላችሁ የወር ምግባችሁን አትጨርሱ። የተማራችሁበትን ማስታወሻ የሚያስቀር ስጦታ አትያዙ። ወላጆችም፣ እባካችሁ የዕቃ ዝርዝር አትላኩ፤ ልጃችሁ በጤና መመለሱ ይበቃችኋል።

ደግሞ ማልቀስ ካማራችሁ አልቅሱ። ጸጥ ያለውን ቤተ መጻሕፍት፣ መብራት የማይጠፋበትን ክፍል፣ አዲሶቹን ጓደኞቻችሁን ትታችሁ መምጣት ያማል። በመዝሙር 15 በጌታ ተራራ የሚያድረው ሰው ሲገለጽ ቃል ገብቶ ቢጎዳውም እንኳ የማያጥፍ ተብሏል። የሚጎዳ ቃል መጠበቅ እንዳለ መጽሐፉ አልደበቀንም። ስትመለሱ ሁሉም ይሳካል ብለን አንዋሻችሁም። ሥራ ላታገኙ ትችላላችሁ። የምንላችሁ ንጹሕ ሕሊና ይዛችሁ እንደምትተኙ፣ በር ስታንኳኩም በእውነተኛ ስማችሁ እንደምታንኳኩ ነው።

ለቀራችሁት፣ ለምትፈልጉትም

ይህን እያነበባችሁ «ለእኔ ግን አልፏል» የምትሉ አላችሁ። ወንድማችን፣ እኅታችን፣ የጻፍነው ልንወግራችሁ አይደለም። ዘኬዎስ ከሾላው ሲወርድ ጌታ ቤቱ ገባ፤ ዘኬዎስም የበደለውን አራት እጥፍ ለመመለስ ተነሣ። ጸጋ ቀደመ፤ እውነትም ተከተለው። እናንተም የሚቻላችሁን እውነት ጀምሩ። ቢያንስ በሌላ ልጅ ላይ ያንኑ ቀንበር አትጫኑ፤ የመካሪነቱን ወንበር ልቀቁ። ዋሳችሁን ይቅርታ ጠይቁ፣ የከፈለላችሁ ካለ ክፈሉ። ስለ ፋይላችሁ ከኬዝ ነጋዴ ሳይሆን ከእውነተኛ የሕግ ባለሙያ ጋር ተማከሩ። እኛም ደጃችን ክፍት ነው።

ገና ክርስቶስን ሳታምኑ፣ ወንጌልን እየመረመራችሁ ይህን ያነበባችሁ ደግሞ በአማኞች ውሸት ተሰናክላችሁ ይሆናል። መሰናከላችሁ ትክክል ነው። ነገር ግን እኛን ትታችሁ እርሱን ተመልከቱ። ጌታ ኢየሱስ በሐሰት ምስክሮች ተከስሶ በጲላጦስ ፊት ሲቆም ነፍሱን ለማዳን አንዲት የሐሰት ቃል አልተናገረም፤ የመጣሁት ስለ እውነት ልመሰክር ነው አለ እንጂ። አባቱ የሰጠውን ሥራ ፈጽሞ ወደ አባቱ ተመለሰ፤ ለእኛም ቃል ገብቷል፣ ይመጣል። ልጆቻችን ቃላቸውን እንዲጠብቁ የምንለምነው ቃሉን የሚጠብቅ ጌታ ስላለን ነው።

አባት ሆይ፣ በዚህ ወር ሻንጣቸውን የሚያስሩ ልጆቻችንን አስብ። መካሪዎቻቸውን አስተዋይ አድርግ። እኛን መጋቢዎቻቸውን ከሐሰት ማኅተም ጠብቅ። የሚመለሱትን በደስታ የምንቀበልበት ልብ ስጠን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።

ጌታ ይባርካችሁ።